የጓሮው ጥርኝ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናቡ ዛሬም ቀረ። ጫካው ደርቆ ቅጠሉ ከጫማ ሥር እንደ ብስኩት ይንኮሻኮሻል። ከጥበቃ ባልደረባዬ ከሙቱኩ ጋር ከወንዙ በታች ያለውን መንገድ ዞርን። ሁለት የሽቦ ወጥመድ፣ አንድ ጆንያ ከሰል፣ ውሻውን ሳያስር የሚያንሸራሽር አንድ ጠበቃ። ከሁሉም ያስቸገረን ጠበቃው ነው። ስሜን ጠየቀኝ። ፋንቱ ስለው አገሬን ጠየቀኝ። የዚህን አገር ዜግነት ካገኘሁ ስንት ዘመኔ እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ውሻውን አላሰረም። ሙቱኩ፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ «ዳዳ፣ እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ ጅብ ይሻላል፤ ጅብ መታወቂያ አይጠይቅም» አለ።

ሰፈሬ ፓርክላንድስ ስደርስ ግቢያችን ይሸታል። የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ መሆን አለበት። ለአከራዩ ደወልኩ፣ አላነሳም።

ዓርብ፣ ማርች 7

ሙቱኩ እንግዳ ነገር አገኘ። ወንዙ ዳር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከቀጭን እንጨት የተሠራ እንደ ቀፎ የረዘመ ቅርጫት። አንድ እንስሳ ከገባ መዞር አይችልም። በሩ ከላይ ይወድቃል። ውስጡ የዶሮ ሆድ ዕቃ ነበረበት። ሙቱኩ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አየው። እዚህ የሚያጠምድ ሰው ሥጋ ነው የሚፈልገው፣ ሽቦ ይበቃዋል፣ ይህኛው ግን እንስሳውን በሕይወት ነው የፈለገው አለኝ። ማንም ሊሠራው ይችላል አልኩት። የበሩ ማሰሪያ ሐረግ ነው። እንዲህ ያለ አስተሳሰር በየትም አገር አለ።

ማዳም ንጄሪ፣ የጥበቃው ኃላፊያችን፣ ፎቶውን ወዲያው ለሁሉም ላከችው። ምነው ባልላከችው።

እሑድ፣ ማርች 9

ዘካርያስ ዛሬ መዘምራን ውስጥ አልነበረም። ስብከቱ ሲጋመስ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። እጁን ከአንጓው በላይ በጨርቅ ጠቅልሎታል። የሱቁ መዝጊያ ላሜራ ቆረጠኝ አለ። እሑድ ሱቅ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። ባለቤቴ ነው፣ ተጠርጣሪ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሽ በድሩ ጓሮ ካለው ክፍላቸው ፊት ገንፎ ሲያገነፉ ነበር። ሽማግሌው ረመዳንን አንድ ቀን አጉድለው አያውቁም። ልጄ ኤልሻዳይ በመስኮት እያየች፣ ማሚ፣ ጋሽ ፋስቲንግ አይደሉም እንዴ አለችኝ። ለማፍጠሪያ ነው አልኳት። በስምንት ሰዓት? አለች። ምግብ ቀድሞ ይሠራል፤ አንቺ ወጥ ቤት ገብተሽ ስለማታውቂ ነው ብዬ ጮህኩባት። ያለምንም ምክንያት።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ምዜ ጠፋ። ጫካው ውስጥ በእግራቸው የሚዞሩ የማኅበር አባላት አሉ፤ በየወሩ ስለሚከፍሉ ጫካው የነሱ ይመስላቸዋል። ወንዙ ዳር የሰቀልነው ካሜራ አንድ ወንድ ጥርኝ ደጋግሞ ያነሳል። ጆሮው የተተረተረ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ የሚመስል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ። ስሙን ምዜ፣ ሽማግሌው፣ አሉት። ከሰው ይልቅ ስለ እሱ ይጠይቃሉ። አሁን ከካሜራው ጠፋ፣ ቅርጫቱ ደግሞ ተገኘ፣ እና የዋትሳፕ ቡድናቸው ተቃጠለ። አንዲት ሴትዮ ሻማ የለጠፈች አለች።

ማዳም ቢሮ ጠራችኝ። በአገራችሁ ይህን እንስሳ እንደ ላም ያረባሉ የሚል አነበብኩ፣ እውነት ነው? አለች። በአንዳንድ አካባቢ ነው፣ ዝባድ የሚባል ሽቶ ይወጣዋል፣ እኔ ግን የአዋሳ ልጅ ነኝ፣ ከተሜ ነኝ አልኳት። ሁሉም እውነት ነው።

የፍሳሽ ሰው መጣ። ጉድጓዱ ባዶ ነው አለና ሄደ። ሙያውን የማያውቅ።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ዝናቡ ጀመረ። ላንድክሩዘሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን ገፋነው። ደክሜ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋሽ በድሩ ጠሩኝ። አሁን ሁሉም ተኝቷል። ልጻፈው።

በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝ። ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም፣ ዛሬ ግን ወደዱ። ስለ ሊሙ አወሩ፣ ስለ አባታቸው ቤት። ከዚያ፣ ያንቺ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚሰጠው ማነው አሉኝ። የምን ፈቃድ? የከብት። የምን ከብት? «ትንሽ ከብት ነው» አሉ።

ተነስቼ ወደ ክፍላቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ። እኔ ከስደተኞች ካምፕ ስመጣ የራሳቸውን ክፍል ለቀውልኝ ክረምቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ የተኙ ሰው፣ በሩን ዘጉብኝ።

«ሴት ካየችው ዝባዱ ይነጥፋል» አሉ።

ሳቄ መጣ። ሥራዬ እንስሳ መጠበቅ ነው። አገሩ ሁሉ የሚፈልገው ጥርኝ ከራስጌዬ ግድግዳ ማዶ ተኝቷል፣ እኔ ሴት ስለሆንኩ አላየውም። ሳቄ ወዲያው ቁጣ ሆነ። ጋሽ በድሩ፣ ይህ እስር ቤት ያስገባል አልኳቸው። እስሩ ለገደለ ነው አሉ። እሳቸው መች ገደሉ? እንቁላል፣ ገንፎ፣ ጥሬ ሥጋ ይበላል። እሳት ይነድለታል። እኔ እየጾምኩ እሱ ጠግቦ ያድራል አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ቅር ያላቸው ይመስላሉ፣ ማመስገን ሲገባኝ እንደተቆጣሁ። በአገራቸው የመንግሥት ሰው መጥቶ ያያል፣ ወረቀት ይሰጣል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የመንግሥት ሰው ነኝ። ሻይ ጠጪ አሉኝ።

እዚህ ፈቃድ የለም አልኳቸው። ጠይቂልኝ እንጂ የለም አትበይ አሉ።

በዚህ ጉልበት እንዴት ወንዙ ድረስ ወረዱ አልኳቸው። ሽማግሌው የበረንዳውን ደረጃ እንኳ የሚወርዱት ግድግዳ ይዘው ነው። መቁጠሪያቸውን አነሱ። እኔም አልደገምኩም።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

የዘካርያስ እጅ አመረቀዘ። ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክተሯ ንክሻ ነው አለች። ዘካርያስ ድመት ናት አለ። ላሜራ አልነበረም እንዴ ብዬ አየሁት፣ እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን የወባ ፖስተር ያነባል። ድመት ናት። ግቢያችን ውስጥ ድመት አለች።

ሸሚዙን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሽታው አይለቅም።

ኤልሻዳይ በረንዳ ላይ ለጓደኛዋ በስልክ ስትናገር ሰማሁ። እየሳቀች ነው። «ዳዲ ሲሪየስሊ ፋርመር ሆኗል፤ ከጋሽ ጋር ቢዝነስ አላቸው፣ ግቢያችን ዙ ነው የሚሸተው» ትላለች። እኔን ስታይ ስልኩን ዘጋች። ልጅ ያልገባውን ያወራል።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ስብሰባ። አባላቱ ማዳምን አላስተኛ ብለዋታል። ከጫካው አጥር ጋር የሚዋሰኑ ግቢዎች ከዒድ በኋላ በፖሊስ ይፈተሻሉ። ፓርክላንድስ በኩል ያለውን ቡድን አንቺ ትመሪያለሽ አለችኝ። ሰፈሩን ታውቂዋለሽ፣ ቋንቋም ታውቂያለሽ።

ከስብሰባው በኋላ ለብቻዋ አገኘኋት። ሰውየው ራሱ ይዞ ቢመጣስ አልኩ። የትኛው ሰውየ አለች። ማንም ይሁን ማን። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። በራሱ የመጣ ሰው ሌላ ነው፣ እኔም ሰው ነኝ አለች።

ይህን ይዤ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ለጋሽ በድሩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ፣ በጨለማ ወስደን እንልቀቀው አልኩ። «ሌባ ነኝ እንዴ በሌሊት የምጥለው?» አሉ። በዝናብም አይለቁትም። ለመንግሥት በቀን፣ በእጅ፣ ማስረከብ ግን ክብር ነው አሉ። ዒድ ይለፍና ይወስዱታል። መንግሥት ሲያየው፣ እንዴት እንደወፈረ ሲያይ፣ ፈቃዱን ይሰጣል።

አላረምኳቸውም። አረምኳቸው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ።

ዘካርያስ ጎን ተቀምጦ ሰማ። ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። ምኑ ነው ጥሩው አልኩት። ማስረከቡ አለ። አንተስ? አልኩት። እኔ ምን? አለኝ። እንጀራ ቆርሶ መብላቱን ቀጠለ።

እሑድ፣ ማርች 30

ዒድ። ጋሽ በድሩ ለሁላችንም ምሳ ላኩ። ሩዝ፣ የፍየል ሥጋ። ዘካርያስ ሳህኑን ጠረገ። ዝናብ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

መጡ። በቱክቱክ። ግራጫ ሱፍ፣ የዒድ ቆብ። ቅርጫቱን ማሳዮች በሚለብሱት አዲስ ቀይ ጨርቅ ሸፍነውታል። የቱክቱኩ ሾፌር አፍንጫውን ይዞ ወረደ። ጋሽ በድሩ የበር ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ ጨብጠው ሰላም አሉ።

ጨርቁ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየሁት ጆሮውን ነው። የተተረተረ። ወፍሯል። ጸጉሩ ያብለጨልጫል። ከዚህ በላይ ጤነኛ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ማዳም ብቻዋን ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም። ብቻዋን አልነበረችም። ሁለት አባላት ስልካቸውን ዘርግተው ይቀርጻሉ፤ አንዷ ታለቅሳለች። ለፍተሻው የተመደበው ፖሊስም እዚያው ሻይ ይጠጣ ነበር። ሰውየውን አስቀምጡት ተባለ። ጋሽ በድሩ ወንበር የተሰጣቸው ለክብር መስሏቸው አመሰገኑ።

አስተርጓሚ ያስፈልጋል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፣ ሌላ ሰው ይፈለግ አልኩ። ማዳም፣ አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ማን አለኝ አለች። የገበያ ስዋሂሊ ይችላሉ፣ ጋሽ በድሩ ግን ለመንግሥት ቃል የምሰጠው በማውቀው ቋንቋ ነው ብለው አፋቸውን ዘጉ። ተቀመጥኩ።

የት ተያዘ? ወንዙ ዳር። ለምን? ለዝባድ። ዝባድ እንዴት ይወጣል? ጭራውን ስበህ፣ እግሩን ይዘህ፣ በቀንድ ማንኪያ ትጠርጋለህ አሉ፣ እጃቸውን አየር ላይ እያሳዩ። ፖሊሱ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ፣ ማን ያዘው፣ ማንስ አገዛቸው ብለሽ ጠይቂያቸው አለኝ።

ጠየቅኳቸው። ያን ጊዜ ገባቸው። ሲገባቸው አየሁ። የሚቀርጹትን አዩ፣ ፖሊሱን አዩ፣ ቅርጫቱን አዩ።

«ብቻዬን ነው በያቸው» አሉ።

«ጋሽ በድሩ፣ ጉልበትዎ...»

«ፋንቱ። ያልኩሽን በያቸው።»

አልኩ። ማዳም ወደ እኔ ዞራ፣ አንድ ሰው ይችለዋል? አለች። እሳቸውን እንድጠይቅ ሳይሆን እኔን ነው የጠየቀችኝ። ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው አልኳት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 4

አልተለቀቁም። ቤት ውስጥ ማቆየት አንድ ጥፋት ነው፤ ጥብቅ ጫካ ገብቶ ማጥመድ ሌላ፣ በጣም የከበደ። ብቻዬን ስላሉ ሁለቱም በእሳቸው ላይ ነው። ጥርኙ የእንስሳት ሐኪም አይቶት ጫካ ተለቀቀ። አባላቱ ኬክ አመጡ። ኬክ።

ዘካርያስን ዛሬ ተናገርኩት። ምግብ በማመላለስ አይሆንም፣ ሄደህ ቃልህን ስጥ አልኩት። ሳህን እያጠበ ነበር፤ ሰሞኑን ሳህን ያጥባል። በራሳቸው አፍ ብቻዬን ነው ብለዋል አለኝ። «አሁን እኔ ሄጄ ሽማግሌውን ውሸታም ላድርጋቸው?»

ሃያ ዓመት ሊሆነን ነው ከተጋባን። እንዲህ ያለ አክባሪ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ተቆጥቼ የጻፍኩትን አነበብኩት። እሱን ብቻ መክሰስ ይቀለኛል። ቃሉን ያስተረጎመው እሱ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ባዶው ቅርጫት መጋዘን ውስጥ ነው። ሽታውም። ሙቱኩ ቡት ሲፈልግ ገብቶ አየውና መሞከር አማረው። በግራ እጁ ጭራ ያዘ፣ ማለትም እንደያዘ ሆነ። በቀኝ እጁ እግር። ከዚያ ማንኪያውን ፈለገ። በጥርሴ ልያዘው እንዴ አለና ሳቀ። አንዱን እጁን ለቆ ሞከረ። ጥርኝ ሆኖ ራሱን ነከሰ። ሁላችንንም አሳቀን።

ከዚያ ሁለት እጆቹን አየ። ቀና ብሎ አላየኝም። ቅርጫቱን ወደ ቦታው መልሶ፣ ቡቱን አንስቶ ወጣ። የደረሰበት ነገር ቢኖር ለማንም አልተናገረም። ይህን ሙቱኩን ይህን ያህል የምጠላው አይመስለኝም ነበር፤ ምንም ሳይለኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ጣቢያ ሄጄ ጋሽ በድሩን ጠየቅኳቸው። ሳል ጀምሯቸዋል። ወለሉ እርጥብ ነው። ጉልበታቸው አብጦ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት፤ ጠባቂው አስተውሎ፣ ይህ ሰው ነው ገደል ወርዶ አውሬ ያጠመደው ብሎ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። ሲሳሳቁ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጥርኙ ነው። በዝናብ ለቀቁት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨካኞች አሉ።

ስለ ፈቃድ አላነሱም። ስለ ዘካርያስ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሱ። እሱ ልጅ አለው፣ ሱቅ አለው፤ እኔን የሚጠብቀኝ ማንም የለም አሉ። እኔ እጠብቅዎታለሁ አልኩ። እንግዲያው ዝም በያ አሉኝ። ደግሞ የጉልበቴን ነገር አትንገሪያቸው፣ ሽማግሌ ናቸው ብለው እንዳያዝኑልኝ አሉ። ምን ዓይነት ሰው ነው። ወደ ውጭ ወጥቼ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ እስክሳፈር ድረስ ብቻዬን ስናደድ ነበር። ተሳፍሬም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ዘካርያስን ጠየቅኩት፣ በደንብ ቁጭ ብዬ። ለምን? ገንዘቡ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጠዋት ጠዋት የሚሄድበት ነገር ደስ ብሎት ነበር። ሱቅ ውስጥ የስልክ መስታወት ሲለጥፍ ከሚውል፣ ወንዙ ዳር ቅጠል ረግጦ መጠበቅ። ጋሽ በድሩ ማጥመዱን በቃል አስተማሩት፣ እሱ በእጁ ሠራው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ሲወድቅ ሰምቼ ጮህኩ አለኝ፤ ፊቱ በራ። ወዲያው የት እንዳለ ትዝ አለውና ጠፋ።

ስለዚህ ጉዳይ ከኔ ይልቅ ደስታ የተሰማው እሱ ነው። እኔ ጫካው ውስጥ ዓመታት ስመላለስ እንዲህ ያለ ፊት ኖሮኝ አያውቅም።

ሰኞ እሄዳለሁ አለኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ጠዋት ተነስቶ ሸሚዙን ተኮሰ። ጫማውን ጠረገ። ሻይ ሰጠሁት፣ አንድም ቃል አልተናገርኩም፣ ሐሳቡን እንዳልበትን። አብረን ወጣን። መታጠፊያው ላይ ወደ ጣቢያው በግራ ነው። በቀኝ ዞረ፣ ወደ መሃል ከተማ፣ ወደ ሱቁ። ደንበኛ ስልኩን ትቶ ሄዶ ነበር፣ እሱን ላስረክብና አለኝ። ማታቱ ቆመለት። ተሳፈረ። ከመስኮቱ እጁን አወዛወዘልኝ።

ዝናቡ ይወርዳል። ቆሜ ቀረሁ፣ ዩኒፎርም ለብሼ፣ እንደ ምልክት እንጨት።

ቢሮ ስገባ ማዳም የጋሽ በድሩን ቃል ከመዝገብ አውጥታለች። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ያስተረጎምሽው ሁሉ ትክክል መሆኑን አረጋግጪልኝ አለችኝ። ከላይ ጀምራ ታነብልኝ ጀመር። ወንዙ ዳር። ለዝባድ። ጭራውን ስቦ፣ እግሩን ይዞ። ብቻውን። እዚህ ላይ ቆም ብላ አየችኝ። ካነበበችው ይልቅ እኔን እያየች ብዙ እንደቆየች ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

«ማዳም፣ ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» አልኳት።

አልደነገጠችም። ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ አለች። ቅርጫቱን ካየሁበት ቀን ጀምሮ አልኩ። ይህን ስል ሥራዬ እንዳበቃ አወቅኩ፤ እሷም አወቀች። ሽማግሌው ወንዙ ድረስ መውረድ አይችሉም፣ ጉልበታቸውን ሐኪም ይይላቸው፣ ያጠመደው ሌላ ሰው ነው አልኳት።

«ማነው?» አለች።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት። ዘካርያስ ቶሎ አላነሳም። ሲያነሳ ከኋላው የመንገዱ ጫጫታ፣ የሆነ ሰው በስዋሂሊ ስለ ቻርጀር ይጠይቃል። ደንበኛ ይዣለሁ፣ በኋላ ልደውል? አለኝ።

ሱቁን ዝጋና ና አልኩት።